የሾላ አፋፉ ጥሩንባ ነፊ

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። እዚህ ሞጣ የእድራችን ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ደጅ እወጣለሁ። "ማን ነው የተባለው? ደግማችሁ በሉልኝ፣ ማን ነው?" እያልኩ አላፊ አግዳሚውን ሦስት አራት ጊዜ እጠይቃለሁ። ስሙን ከሰማሁ በኋላ እንኳ ሌላ ሰው አስቁሜ እጠይቃለሁ። ባለፈው ትልቋ የልጅ ልጄ ታዝባኝ፣ "እማማ፣ ሰው ሞቱን ይፈራል፤ አንቺ ስሙን ትፈሪያለሽ። ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ታናሽየዋ ከኋላዋ ብቅ ብላ፣ "ካልነገርሽን ዛሬ እግርሽን አላሽልሽም" ብላ ፎከረችብኝ። እግሬን የምታሽልኝ እሷ ናት፤ ምን አደርጋለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች። መንገድ ስቼ ወዲያ ወዲህ ካልኩ ታገሡኝ።

የምነግራችሁ ስለ አያ አንለይ ነው። ካረፉ ዘንድሮ አምስተኛ ዓመታቸው። መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው። የባሌ የእህት ልጅ ደውሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ሁሉ ሲያወራ ቆይቶ ሊዘጋው ሲል፣ "ለካ አልነገርኩሽም፤ አያ አንለይ ሞቱኮ። ከተቀበሩ ሳምንታቸው" አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። የመንደሩን ሰው ሁሉ ሞት በየተራው በክብር ለጠሩ ሰው፣ የእሳቸው ሞት እንዲህ በወሬ መጨረሻ ተነገረላቸው።

መንደሩ ሾላ አፋፍ ይባላል። በሞጣና በቢቸና መካከል ነው፣ ወደ ቢቸናው ይቀርባል፤ ማለዳ የወጣ ገበያተኛ ፀሐይ ሳይበረታ ቢቸና ይገባል። አርባ ቤት ነው ይሉታል። ከላይ ኪዳነ ምሕረት በጽድ ተከባ ተቀምጣለች፣ ከታች ገደሉ አለ፣ ከገደሉ ወዲያ ቆላው ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ በክረምት እግር ከያዘ አይለቅም። ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ጊዜ ከበቅሎ ወርጄ ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ፣ ሚዜዎቹ በእንጨት ሲፈልጉት ሰዉ ሁሉ ሲስቅብኝ ነበር። ጤፍ ይዘሩበታል፣ ስንዴ ይዘሩበታል፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጓያ። ሁለት በሬ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ አንድ አንድ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬያቸውን አቀናጅተው ለአንዱ ዛሬ፣ ለሌላው ነገ ያርሳሉ። አያ አንለይም እንደዚያው አንድ በሬ ነበራቸው፤ አቀናጃቸው ጎረቤታችን የእትዬ ደብሬ ባል ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ጉንጫቸው ግን ጥሩንባ ከመንፋት ብዛት ባዶ ስልቻ መስሎ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። ልጆች ይህን ጉንጭ ለመንካት ይጣሉ ነበር። እሳቸውም ጎንበስ ይሉና ነፋ አድርገው ይሰጧቸዋል፤ ልጁ በጣቱ ሲነካው "ቡፍ!" ያደርጉበታል። ሞትን ለሰው የሚነግር ሰው እንዲህ ተጫዋች ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እትዬ ደብሬ ነገር ታበዛለች፣ አንደበቷ አያርፍም። አንድ ቀን ምንጭ ዳር ስትጨቃጨቅ ደርሰው፣ "ደብሬ፣ ለሰው ሁሉ ሦስቴ ነው የምነፋ፤ ላንቺ ግን ስድስቴ ነው" አሏት።

"ለምን ስድስቴ?"

"ሦስቱ ላንቺ፣ ሦስቱ ለምላስሽ። እሷ ለብቻዋ ነው የምትቀበር።"

"አንተን ደግሞ ማን ይነፋልሃል? ጉንጭህን ነው የምንቀብረው!" አለቻቸው። ውሃ ልንቀዳ የመጣን ሁሉ እንስራችን እስኪወድቅ ሳቅን።

ጥሩንባው ላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ የጥሩንባውን አፍ በእጀ ጠባባቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ያማትባሉ። ከዚያ አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዴ ወደ ማሳው፣ አንዴ ወደ ገደሉ ይነፋሉ። ከሦስተኛው በኋላ ትንሽ ዝም ይላሉ። መንደሩ ሁሉ በዚያች ዝምታ ይቆማል። ሞፈር የያዘው እንደያዘ፣ የምትወቅጠው ዘነዘናዋን እንዳነሣች፣ ሁሉም የቤቱን ሰው በሐሳቡ ይቆጥራል። ከዚያ ስሙን ይጠራሉ። ስሙ እንደተጠራ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ዶማውን አንግቶ ይወጣል። መቃብር ለመቆፈር ሰው ያልላከ ቤት በሾላ አፋፍ ቤት አይባልም ነበር፤ የተጣላ እንኳ ለጠላቱ ይቆፍራል።

አያ አንለይ ደግሞ ያላዩትን ሞት አይጠሩም። ሬሳው ያለበት ቤት ገብተው፣ ፊቱን ገልጠው ካላዩ ጥሩንባው ከተሰቀለበት አይወርድም። አንድ ጊዜ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው፣ የመንደሩ ሰው ቆላ ወርዶ ሞተ ተብሎ መልእክተኛ መጣ። ቤተሰቡ ደረቱን እየደቃ "ንፋ!" ቢላቸው፣ "ያላየሁትን ሞት አልጠራም" ብለው በትራቸውን ይዘው ቆላ ወረዱ። በማግስቱ ገደሉን እያለከለኩ ወጡና፣ "ሬሳችሁ ቅንጬ አምጡልኝ ብሏል" አሉ። ለካ ሰውዬው ወባ ጥሎት ነው እንጂ አልሞተም። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ጥሩንባ ከተናገረ ማንም አይጠራጠርም ነበር።

ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ለስብሰባም ንፋ ተባሉ። እንቢ ማለት የሚቻልበት ዘመን አልነበረም። ነፉ፤ ግን ለስብሰባ ሲሆን ጥሩንባውን ቁልቁል ወደ መሬት ደፍተው ነው የሚነፉት። ድምፁ እንደታፈነ በሬ ነው። ከወረዳ የሚመጣው ካድሬ፣ "ምንድን ነው ይሄ? ለምን ቀና አታደርገውም?" ቢላቸው፣

"ጓድ፣ ለስብሰባ የሚጠሩት ሕያዋን ናቸው፤ ቅርብ ስለሆኑ ይሰማሉ" አሉት። ሊቀመንበሩ አቶ አበጀ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ዞር ሲል አይቻለሁ ብላ እትዬ ደብሬ ትምላለች። ይህን አቶ አበጀን ያዙልኝ። የመንደሩ ልጅ ነው፣ ግን ወንበሩ ላይ ከወጣ ወዲህ ሰው ይፈራዋል። ሰላም ሲለን እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን እንል ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ፈንታን ካገባሁ ገና አምስተኛ ወር ነበር። ወላጆቹ ልጅ ሳለ ሞተዋል፤ አማት የለኝ፣ የባል እናት የምታስተምረውን የሚያስተምረኝ ሰው የለኝ። ሙሽራ ስለሆንኩም ከምንጭና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከቤት አልወጣም። ያን ጊዜ የወታደር አፈሳው በርትቶ ነበር። ለየገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ወጣት አምጡ ይባላል፤ ከጎደለ ከገበያም፣ ከማሳም፣ ከአልጋም ያፍሳሉ። የተወሰደ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ የሄደ ሲመለስ አላየንም። ስለዚህ የሾላ አፋፍ ወጣት ሁሉ ገደሉን ወርዶ ቆላ ገባ። የኔም ባል። የዚያን ኅዳር ጤፉን ያጨድነው ሴቶችና ሽማግሎች ነን። ማጭድ ይዘን ስናጎነብስ ማንም አይዘፍን፣ ማንም አይጣራ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን፣ መንገዱን እናያለን፣ ተመልሰን እናጎነብሳለን። ባሎቻችን የት እንዳሉ አንዳችን ለሌላችን አንጠይቅም። የማያውቅ አይናገርም ብለን ነው።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ይበልጣል ከሞጣ ሸሽቶ እኔ ዘንድ መጣ። የእናቴ አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። ዓይን አፋር ነው፤ ሲያናግሩት ጉልበቱን ነው የሚያይ። እናቴ፣ "ሞጣ ሊወስዱብኝ ነው፣ አንቺ ጋ ማንም አያውቀውም" ብላ ላከችው። አሥር ቀን ከጎታው ኋላ ደበቅሁት። ቀን ከዚያ አይወጣም። ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምዳል፣ ለአጋሰስ የሚበቃ ገመድ ገምዶልኝ ነበር። ወደ ቆላው ልላከው ወይስ ፈንታ መጥቶ ይውሰደው እያልኩ ቀኑ ሄደ። ለእትዬ ደብሬ እንኳ አልነገርኳትም።

አንድ ረፋድ ጥሩንባ ተነፋ። አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዴ ወደ ማሳው፣ አንዴ ወደ ገደሉ። ዝም አሉ። ከዚያ የአያ አንለይ ድምፅ፣

"ባለበቅሎው ስሜነህ አርፏል! ባለበቅሎው ስሜነህ!" አለ።

እኔ ባለበቅሎ የሚባል ስሜነህ አላውቅም። ከማውቀው የማላውቀው ሰው ይበዛልና አልደነቀኝም። በቀዳዳ ባይ ከላይኛው ቤት እማሆይ ብርቄ፣ ቆብ የጫኑ መነኵሴ ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ሲሮጡ አየሁ። "ስሜነህ! ስሜነህዬ!" ይላሉ። እንባው የእውነት ነው። ሴቶች ተከተሏቸው። ሽማግሎች ዶማ ይዘው ወጡ። እኔ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? የፈንታ ቤት ሰው አልላከም ይባላል ብዬ ነው። የሞጣዋ ሙሽራ ገና ከመግባቷ ቤቱን ዘጋችው ይሉኛል ብዬ።

"ይበልጣል" አልኩት፣ "ዶማውን ያዝና ሂድ። ለፈንታ ተተካለት።"

"ኧረ እቴ፣ ያዩኛል" አለኝ።

"በቀብር ላይ ማን ይነካሃል? ቆፍረህ ና። ልቅሶ ላይ ደግሞ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነው።"

ከዚያ ዶማውን አነሣ። ከኋላው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልኩት።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ስንደርስ መጀመሪያ የታየኝ ወጣት ወንድ አለመኖሩ ነው። እሱስ ቆላ ናቸው አልኩ በሆዴ። እትዬ ደብሬ ከለቀስተኛው መካከል ዞር ብላ ስታየን ፊቷ አመድ ሆነ። መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ማነው እሱ? ማንን ነው ያመጣሽው?"

"ወንድሜ ነው። ለመቆፈር..."

"ወይኔ ልጄ! ስሜነህኮ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው! የእማሆይ ብርቄ ባል ነው!"

ያን ጊዜ ነው ወጥመድ መሆኑ የገባኝ፤ ዝርዝሩን የሰማሁት ኋላ ነው። ካድሬው ሰዉን ከየተደበቀበት የሚያወጣው ቀብር ብቻ መሆኑን ሰምቶ፣ ከሌላ ወረዳ ያመጣቸውን ታጣቂዎች ጽዱ ውስጥ ደብቆ፣ አያ አንለይን "የሞት ጥሩንባ ንፋ" ብሏቸው ነው። ካልነፉ እሳቸው ሊሞቱ። ከነፉ የመንደሩ ወጣት ከቆላው እየሮጠ ወጥቶ ሊታፈስ። እሳቸው ለካድሬው 'ቆላ የሞተ ሰው አለን' ብለው ነፉ፤ ግን ሁሉም ገና ዱሮ የቀበረውን ሰው ስም ጠሩ። ካድሬውና ታጣቂዎቹ እንግዳ ናቸው፣ አያውቁም። መንደሩ ስሙን ሲሰማ ነገሩን አወቀ። ቆላ ያሉትም ሰምተው አልወጡም። እማሆይ ብርቄ የቀበሩትን ባላቸውን ሁለተኛ ሊያለቅሱ የወጡት፣ ሽማግሎቹም ዶማ የያዙት አያ አንለይ ዋሹ እንዳይባሉ ነው። የሞተውን የማታውቅ አንዲት ቤት ብቻ ነበረች። እኔ።

ወደ ኋላ በል ልለው አፌን ስከፍት ታጣቂዎቹ ከጽዱ ወጡ። ካድሬው ዙሪያውን አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ነው። ወጣቱ የታለ?" ዓይኑ ይበልጣል ላይ አረፈ። "አንተ ማነህ?"

ይበልጣል ሳይመልስ አያ አንለይ ዘለው መጡ። በትራቸውን አንሥተው ትከሻውን ዠለጡት።

"አንተ ዕብድ! ማን ፈታህ? ማን ነው ከጠበሉ ያስወጣህ?" ወደ ካድሬው ዞሩ። "ጓድ፣ የእህቴ ልጅ ነው። አእምሮውን ከነካው ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሰውም ይነክሳል። አትጠጉት።"

ታጣቂዎቹ እውነትም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ካድሬው እንኳ ፊቱን ቅጭም አደረገ። በቃ፣ ሊተርፍ ነው። ወንድሜ ዝም ቢል፣ ወይ ምራቁን ቢተፋ፣ ቢጮህ፣ ምንም ቢያደርግ። እሱ ግን ሰው ሲያናግረው ጉልበቱን የሚያይ፣ ለታላቅ በሥርዓት የሚመልስ ልጅ ነው። ትከሻውን እያሻሸ፣

"ኧረ አያ፣ እኔ ደኅና ነኝ። ሰው ተሳስተው ነው። ለእህቴ ባል ለፈንታ ተተክቼ ልቆፍር ነው የመጣሁ" አላቸው።

አያ አንለይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ካድሬው ሳቀ። "ዕብዱ ከእናንተ ይሻላል" አለ። "ፈንታ የሚባለውስ የት ሄዶ ነው?"

ካድሬው ሊቀመንበሩን አቶ አበጀን አየው። አቶ አበጀ ስሜነህን ያውቀዋል፤ ሲቀበር አፈር ካለበሱት አንዱ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ሁላችንም አልቀናል።

"ፈንታ ለማኅበሩ ጨው ሊያመጣ ደብረ ማርቆስ ሄዷል፤ የላክሁት እኔ ነኝ" አለ አቶ አበጀ። "ሬሳውም ገና ከቆላ እየመጣ ነው። ወጣቱ ቃሬዛውን ሊቀበል ሳይወርድ አልቀረም ጓድ።"

"እንጠብቃለን" አለ ካድሬው፤ ጽዱ ሥር ተቀመጠ።

ያን ቀን ሽማግሎቹ ለማንም የማይሆን መቃብር ቆፈሩ። ምን ያድርጉ? አፈሩ ሲወጣ፣ ሴቶች ሲያለቅሱ፣ ወንድሜ በገመድ ታስሮ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየ። እኔ "ዕብድ ነው፣ እውነታቸውን ነው፣ ወንድሜ ያመዋል" ማለት እችል ነበር። ደጋግሜ አፌ ላይ መጣ። ፈራሁ። እስከ ቀትር ማንም አልመጣም። መኪናው መንገድ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ካድሬው ሰዓቱን አይቶ ተነሣ፣ ይበልጣልን ይዘውት ሄዱ። በአጠገቤ ሲያልፍ ምንም አልወቀሰኝም። የገባውም አይመስለኝም። "ዶማውን ለፈንታ መልሽለት" ብቻ አለኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አያ አንለይ ደጄ መጡ። ግቡ ብላቸው አልገቡም፤ መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ጉንጫቸው ይንቀጠቀጣል።

"ልጄ፣ አታልቅሺ። ያጠፋሁ እኔ ነኝ" አሉኝ። "ስሙን ስመርጥ አርባውን ቤት በሐሳቤ ዞርኩ። ስሜነህን ያልቀበረ ቤት የለም አልኩ። ያንቺን ረሳሁት። አዲስ ሙሽራ እንዳለች ረሳሁ።"

"እኔ ነኝ የላክሁት" አልኳቸው።

"አንቺ እንደ ሥርዓቱ ነው የላክሽው። ያላየሁትን ሞት የጠራሁ እኔ ነኝ።" ሲነሡ በትራቸውን ረስተው ሄዱ።

እኔ በማግስቱ ለእናቴ ልነግራት ሞጣ ሄድኩ፣ ሁለት ቀን በእግሬ። እናቴ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የማላውቀውም። እያለቀስኩ ሁሉንም ተናገርኩት። ጥሩንባውን፣ ስሜነህን፣ አያ አንለይ ያደረጉትን፣ አንድም አላስቀረሁ። ስመለስ መንደሩ ሰላም አይደለም። አያ አንለይ ቅዳሜ ገበያ ብለው ቢቸና ወጥተው አልተመለሱም። ባለቤታቸው በግ ሊሸጥ ነው የወጣ ትላለች፤ በጉ ግን በረት ውስጥ አለ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካድሬው ተመለሰ። መንደሩን ሰብስቦ፣ "የሞተ ሰው ስም እየጠራ አብዮቱን ያታለለው ሽማግሌ እጃችን ገብቷል። ሁሉንም ነገር ደርሰንበታል" አለ። ጥሩንባውን ከተሰቀለበት አውርዶ ወሰደው። አቶ አበጀም ከወንበሩ ወረደ፤ ለምን ዋሸኸን ብለው ሦስት ወር አስረው ለቀቁት። ቶሎ በመለቀቁ ጭራሽ ሰዉ ጠረጠረው። እሱ ነው የነገረው፣ መጀመሪያ ዋሽቶ ኋላ ፈርቶ ነው ተባለ።

ማን ነገረ? ሾላ አፋፍን የገደላት ይህ ጥያቄ ነው። ደቦ ቀረ፤ እያንዳንዱ ማሳውን ለብቻው አጨደ፣ ለብቻው ወቃ። ምንጭ ዳር ስንገናኝ ቀድማ የቀዳች ቀድማ ትሄዳለች፤ የሚጠብቅ የለም። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ስለሌለ በየቤቱ እየሄዱ በሹክሹክታ ነው የሚነግሩ፤ የሰማውም እውነት ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ለአቶ አበጀ ማሳ አንድ ሰው እጁን አላነሣለትም። ልጁ ስታገባ ለሰርጓ የሄደ የለም። በመጨረሻ በሬዎቹን ሸጦ ቤተሰቡን ይዞ ወደ የጁቤ ተሰደደ።

እኔ ግን የነገረውን አውቅ ነበር። እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። እናቴ ቤት ከተቀመጠው ሰው አንዱ ወሬውን ወስዶ ቢቸና አድርሶታል ብዬ። አቶ አበጀ ዕቃውን ጭኖ በደጄ ሲያልፍ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አየሁት። ሚስቱ በእግሯ ከኋላው ትሄዳለች። ወጥቼ "እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ፈንታን ፈራሁ፣ መንደሩን ፈራሁ። በሩን ዘጋሁት።

አያ አንለይ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሱ። የፊት ጥርሳቸው የለም። ጥሩንባ ቢሰጧቸውም ከእንግዲህ አይነፉም። ሰዉ ተሰብስቦ፣ "ማን ነው የነገረብህ? በል ንገረን" አላቸው። "ተዉት" አሉ። "የነገረው ሰው ክፉ አላሰበም።" እኔ ይህን ስሰማ ከሰው ኋላ ተደብቄ ነበር። አወቁብኝ፣ አውቀውም ሸፈኑልኝ ብዬ አሰብኩ። ደርግ ወድቆ ሰዉ አፉን በከፈተ ጊዜም አቶ አበጀ ለቅሶ ሊደርስ ወደ መንደሩ ቢመጣ ወጣቶች በድንጋይ ሊመቱት ተነሡ። አያ አንለይ እጃቸውን ዘርግተው መካከል ገቡ። "እሱ አይደለም! በኪዳነ ምሕረት እምላለሁ፣ እሱ አይደለም!"

"ታዲያ ማነው?"

አያ አንለይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀና ሲሉ እኔን አዩ፤ ፈጥነው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

እንዲህ እያለ ዘመኑ ሄደ። በየበዓሉ ቤቴ ይመጣሉ፣ ልጆቼን በጉንጫቸው ያስቃሉ፤ ጥርስ ስለሌላቸው "ቡፍ" ማለቱ ይበልጥ ያምርላቸዋል። ይበልጣልን ግን በስም አንሥተን አናውቅም። እሱ አልተመለሰም። ሞተ ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም። እናቴ መርዶውን እየጠበቀች ሞተች። ፈንታ ሲያርፍ እኔ ወደ ልጄ ሞጣ ገባሁ። እሳቸውን ሁለቴ ብቻ ነው ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው። ይቅር በሉኝ ልል ሁለቴም አልደፈርኩም።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው፣ ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ሞጣ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ጋቢ ላሠራ ሄድኩ። ድሩን እያደሩ አገሬን ጠየቁኝ። ሾላ አፋፍ ስላቸው እጃቸው ቆመ። "ጥሩንባ ነፊውን ታውቂዋለሽ? ቢቸና አብረን ታስረን ነበር። ጥርሱን እኔ ፊት ነው ያረገፉት።" ሠላሳ ዓመት የፈራሁትን ጠየቅኋቸው፤ ማን እንደነገረባቸው ሰምተው እንደሆነ።

"ማን ይነግርበታል እንዴ?" አሉኝ። "በገዛ እግሩ ነው የመጣው። ቅዳሜ ጧት በር ላይ ቆሞ፣ 'ያ የሞጣ ልጅ እንግዳ ነው፣ ጥፋት የለበትም። የሞተ ሰው ስም ጠርቼ ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ፤ እሱን ልቀቁና እኔን እሰሩኝ' አላቸው። እሱን አሰሩት፤ 'እህቱ ይህን እንዳትሰማ፣ በእኔ ምክንያት ትላለች' ይለኝ ነበር። ልጁን ግን በመኪና ከጫኑት አራት ቀን አልፎት ነበር።"